«ምረጡኝ» ስለምትል ሴት

(በተማሪዎች ኅብረት የሐሙስ ማታ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግሬ በምርጫ ለፖለቲካ ሥልጣን የሚወዳደሩ ሴቶች ሴት በመሆናቸው ብቻ ስለሚደርስባቸው መሰናክል ነው። አርእስቱን የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኅብረታችን የሥራ አስፈጻሚዎች ምርጫ ይደረጋል። ለ9 ወንበር 23 ዕጩዎች ቀርበዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ሴት አንዲት ብቻ ናት። አምና ሁለት ነበሩ፤ አንደኛዋ የምርጫው ቀን ሳይደርስ ስሟን አስወጣች። ለምን እንዳስወጣች የማያውቅ ሰው በዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። በመኝታ ቤቶች ግድግዳ ላይ የተለጠፈውንና በስልክ ከሰው ወደ ሰው የዞረውን ጽሑፍ ብዙዎቻችን አይተነዋል። ጽሑፉ ስለ ዓላማዋ አንዲት ቃል እንኳ አልነበረበትም። የሚናገረው ስለ ቀሚሷና ማታ ከማን ጋር እንደምትሄድ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ማንንም ለመክሰስ አይደለም። በእኛ ግቢ የሆነው ነገር በብዙ አገርና በብዙ ዘመን ያንኑ መልክ ይዞ የሚመጣ መሆኑን ለማሳየት ነው። መልኩ አንድ ከሆነ፣ አመጣጡም ይታወቃል፤ አመጣጡ ከታወቀ ደግሞ መከላከያው አይጠፋም ብዬ አምናለሁ። ዘመን የምጠቅሰው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ እናንሣ። አገራችን ሴት ባለ ሥልጣን አታውቅምን? በደንብ ታውቃለች። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ጎንደር ተቀምጠው በልጃቸውና በልጅ ልጃቸው ዘመን መንግሥቱን ይመሩ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1896 በዐድዋ ዘመቻ የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል። ንግሥት ዘውዲቱ ከ1916 እስከ 1930 ዘውድ ጭነው ነግሠዋል። እንግዲህ «ሴት አዝዛ አታውቅም» የሚል ሰው ካለ ታሪኩን እንደገና ያንብብ።

ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ። እነዚህ ታላላቅ እመቤቶች ወደ ሥልጣን የደረሱት በትውልድ ወይም በጋብቻ ነው። በአደባባይ ቆመው «ከእገሌ ይልቅ እኔ እሻላለሁና ምረጡኝ» ማለት አላስፈለጋቸውም። ዕጩ የሆነች ሴት ግን ይህን ማለት ግዴታዋ ነው። የእኛ አስተዳደግ ደግሞ ሴት ልጅ ስትጠየቅ እንድትመልስ እንጂ ራሷ እንድትጠይቅ፣ ሲሰጧት እንድትቀበል እንጂ «ይገባኛል» እንድትል አያስተምርም። ስለዚህ «ምረጡኝ» የሚለው ቃል ከወንድ አፍ ሲወጣ ቆራጥነት ይባላል፤ ከሴት አፍ ሲወጣ ዓይን አውጣነት ይባላል። እንደ እኔ አስተያየት የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሴት መግዛቷ ብቻ አይደለም የሚያስቈጣው፤ ለመግዛት መፈለጓን በአፏ መናገሯ ነው።

በሌላውም ዓለም ቢሆን ለሴት በመጀመሪያ የተከፈተው በር ብዙ ጊዜ የሐዘን በር ነበር። የሲሎን ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሰሎሞን ባንዳራናይኬ በ1959 ተገደሉ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲሪማቮ ባንዳራናይኬ በ1960 በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በአሜሪካም ወይዘሮ ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ በ1940 ወደ ምክር ቤት የገቡት የሟች ባላቸውን ወንበር ተክተው ነው። ይህን የምለው ችሎታቸውን ለማሳነስ አይደለም። ቼዝ ስሚዝ በኋላ በራሳቸው ምርጫ ሴናተር ሆነዋል፤ በ1950ም ብዙ ወንዶች ሴናተሮች ፈርተው ዝም ባሉበት ጊዜ በሴናተር ማካርቲ አድራጎት ላይ ተነሥተው ተናግረዋል። የምለው ይህን ነው፤ ሕዝብ የባሏን ሐዘን ተሸክማ የመጣችውን ሴት በርኅራኄ ይቀበላታል፤ በራሷ ስም የመጣችውን ግን «ምን ፈልጋ ነው?» ብሎ ይመረምራታል።

በራሳቸው ስም ከመጡት ሴቶች መካከል ስለ አንዲቱ ዘርዘር አድርጌ ልናገር። ይህች ሴት ወይዘሮ ሸርሊ ቺዝም ናቸው።

ወይዘሮ ቺዝም በ1924 በኒው ዮርክ ከተማ በብሩክሊን ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከባርቤዶስና ከጉያና የመጡ ድኆች ሠራተኞች ነበሩ። በልጅነታቸው ጥቂት ዓመት በባርቤዶስ ከአያታቸው ዘንድ አደጉ። በብሩክሊን ኮሌጅ ተምረው የሕፃናት መምህርት፣ ቀጥሎም የሕፃናት ማቆያ ዲሬክተር ሆኑ። የፖለቲካ ሥራ የጀመሩት በሰፈራቸው በነበረው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ክበብ ውስጥ ነው። በዚያ ክበብ ሴቶቹ ምን ይሠሩ ነበር? ለዓመቱ የሎተሪ በዓል የሲጋራ ሣጥኖችን ያስጌጡና ገንዘብ ይሰበስቡ ነበር። ገንዘቡን ሴቶቹ ያመጡታል፤ በገንዘቡ ላይ የሚወስኑት ወንዶቹ ናቸው። ወጣቷ መምህርት «ድካሙ የእኛ ከሆነ ለሥራችን በጀት ይሰጠን» ብለው ሴቶቹን አነሣሡ። ከክበቡ ሹማምንት ጋር ጠብ የጀመሩት በዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለአንድ ደቂቃ ቆም ብላችሁ የኅብረታችንን ኮሚቴዎች አስቡ። እንግዳ ሲመጣ አበባ የሚሰጥ፣ ቡና የሚያፈላ፣ ወንበር የሚደረድርና በር ላይ ቆሞ የሚቀበል ማነው? ቃለ ጉባኤውን በሚያምር ጽሕፈት የሚገለብጥስ ማነው? ከዚያ በኋላ በጉባኤው ላይ እጁን አውጥቶ የሚወስነው ማነው? የሲጋራው ሣጥን ከብሩክሊን እዚህ ድረስ መጥቷል።

በ1964 ወይዘሮ ቺዝም ለኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ተወዳደሩ። በኋላ ስለ ሕይወታቸው በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ በመንገድ ላይ ድጋፍ ሲጠይቁ አንድ ሽማግሌ አስቁመው ለባላቸው ቁርስ ሠርተው፣ ቤታቸውን አሰናድተው እንደ ሆነ ጠየቋቸው። ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ሥራ ማጣት የጠየቁት ነገር አልነበረም። ወይዘሮ ቺዝም ተመረጡ።

በ1968 ደግሞ ለአሜሪካ የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ተወዳደሩ። ተቃዋሚያቸው ማን እንደ ነበሩ ማወቅ ይገባናል። ጄምስ ፋርመር ነበሩ። ፋርመር ተራ ሰው አይደሉም፤ በ1961 ጥቁሮችና ነጮች በአንድ አውቶቡስ ተቀምጠው የደቡብን የዘር አጥር እንዲጥሱ የመሩ፣ ለእኩልነት ሲሉ የታሰሩ፣ በመላው አሜሪካ የታወቁ የነጻነት ታጋይ ናቸው። እኒህ ሰው በምርጫ ዘመቻቸው የተጠቀሙበት መፈክር ግን ብሩክሊን በዋሽንግተን የወንድ ድምፅ ያስፈልጋታል የሚል ነበር። ከበሮ የሚመቱ ወጣቶችን በድምፅ ማጉያ መኪና ጭነው ጎዳናውን ያደምቁ ነበር። የቴሌቪዥን ሰዎችም እርሳቸውን ሲከተሉ ቺዝምን እንደሌሉ ቈጠሯቸው።

ጓደኞቼ፣ ከዚህ የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። ሰው ለአንድ ዓይነት እኩልነት መታገሉ ለሌላው እኩልነት ዓይኑን እንዲከፍት አያደርገውም። እኛም በዚህ ግቢ ስለ ፍትሕ ብዙ እንናገራለን፤ ስለ ድኻውም ስለ ገበሬውም እንከራከራለን፤ ይህም ይገባናል። ነገር ግን «እኛ ተራማጆች ነን» ማለት ብቻውን ከዚህ በሽታ አያድንም። ጄምስ ፋርመርን ያህል ሰው ካላዳነ፣ እኛን በምን ያድነናል?

ወይዘሮ ቺዝም እንዴት አሸነፉ? በዘመቻው መካከል ታመው የቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ነበር፤ ሳይጠነክሩ ወደ ጎዳና ተመለሱ። በወረዳቸው ከተመዘገቡት መራጮች መካከል ሴቶቹ ከወንዶቹ በብዙ እንደሚበልጡ ተረዱ። ስለዚህ ትልቁን አዳራሽ ትተው በየሰፈሩ ወዳሉ የሴቶች ማኅበሮች፣ ወደ ወላጆች ስብሰባና ወደ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሄዱ። ከፖርቶ ሪኮ ለመጡት በስፓኝኛ ተናገሩ። በመጨረሻም ፋርመርን ከሁለት እጥፍ በሚበልጥ ድምፅ አሸንፈው በአሜሪካ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆኑ። ምክር ቤት ሲገቡ የተመደቡት በእርሻ ኮሚቴ ነበር። ዛፍ እንጂ እርሻ ከሌለበት ከብሩክሊን የመጡት እንደራሴ «ይህ ለወረዳዬ ምን ይጠቅማል?» ብለው በአደባባይ ተቃወሙ፤ አዲስ እንደራሴ አፉን ዘግቶ እንዲቀመጥ በሚጠበቅበት ምክር ቤት ምድባቸውን አስለወጡ።

በ1972 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደሩ። በዚህ ጊዜ የደረሰባቸው ነገር ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ከጥቁሮች ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ወንዶች «ቀድመውን ወጡ» ብለው አኰረፉ። ከሴቶች መብት ታጋዮች ብዙዎቹ «ማሸነፍ አይችሉም» ብለው ሌላውን ዕጩ ደገፉ። በቴሌቪዥን ክርክር ስለ ከለከሏቸው ጕዳዩን እስከ ፍርድ ቤት አድርሰው የአየር ጊዜ አስፈረዱ። የግድያ ዛቻም ደረሰባቸው። እንዲህም ሆኖ በማያሚ ጉባኤ 152 የጉባኤተኛ ድምፅ አገኙ። ወይዘሮ ቺዝም ጥቁር በመሆናቸው ከደረሰባቸው መድልዎ ይልቅ ሴት በመሆናቸው የደረሰባቸው እንደሚበልጥ ደጋግመው ተናግረዋል። ይህን የተናገሩት በዘር መድልዎ በታወቀች አገር የኖሩ ጥቁር ሴት መሆናቸውን አስቡ። ምክር ቤቱን ሰባት ጊዜ ተመርጠው አገልግለው በ1983 ተሰናበቱ፤ በ2005ም ዐረፉ።

እንግዲህ ከወይዘሮ ቺዝም ታሪክና ከሌሎቹም አገሮች ልምድ ተነሥተን፣ ሴት ዕጩ የምትመታባቸውን መሣሪያዎች በአራት ከፍለን ለመመልከት እንችላለን።

አንደኛው የጓዳ ጥያቄ ነው። በ1984 ወይዘሮ ጄራልዲን ፌራሮ ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሲወዳደሩ በሚሲሲፒ የግዛቱ የእርሻ ኃላፊ የተቀበሏቸው በቤሪ የሚሠራውን ጣፋጭ ዳቦ መጋገር ይችሉ እንደ ሆነ በመጠየቅ ነበር። ፌራሮ እንደሚችሉ ተናግረው ጥያቄውን ወደ ጠያቂው መለሱት፤ ሰውዬው በእኛ አገር ወንድ ወጥ አይሠራም አሉ። በ2017 የኒው ዚላንድ ወይዘሮ ጃሲንዳ አርደርን የፓርቲያቸው መሪ በሆኑበት ዕለት ማታ በቴሌቪዥን የተጠየቁት ልጅ ለመውለድ ያስቡ እንደ ሆነ ነው። በአውስትራሊያ ደግሞ ወይዘሮ ጁሊያ ጊላርድ ልጅ ስላልወለዱ ተወገዙ፤ በ2005 በወጥ ቤታቸው ውስጥ ሳሉ የተነሣው ፎቶግራፍ በጋዜጣ ወጥቶ የፍራፍሬ ሳሕናቸው ባዶ መሆኑ እንኳ መነጋገሪያ ሆነ፤ በ2007ም አንድ ሴናተር መካን መሆንን መርጠዋልና ለመምራት አይበቁም ሲሉ ዘለፏቸው። እንግዲህ ተመልከቱ። የወለደች እንደ ሆነ «ልጆቿን ለማን ትታ ነው?» ይባላል። ያልወለደች እንደ ሆነ «የቤተሰብን ኑሮ ምን ታውቃለች?» ይባላል። ልትወልድ የምትችል እንደ ሆነ «ነገ ትተወን ትሄዳለች» ይባላል። ወንዱ ዕጩ አምስት ልጆች ቢኖሩት ግን «የቤተሰብ ኀላፊ ነው» ተብሎ ይመሰገንበታል።

ሁለተኛው ድምፅና መልክ ነው። ወይዘሮ ማርጋሬት ታቸር በ1975 የፓርቲያቸው መሪ ከሆኑ በኋላ ድምፃቸው ቀጭንና የሚያሳክክ ነው ተብሎ ስለ ተነቀፈ፣ በመምህር እየተረዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለመናገር ተለማመዱ። ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ደካማ ትባላለች፤ ጠንካራ ድምፅ ያላት ወንዳወንድ ትባላለች። በመካከል ያለችው መንገድ ከፀጉር የቀጠነች ናት። በአውስትራሊያ በ2011 ሰልፈኞች ጠቅላይ ሚኒስትሯን ጊላርድን «ጠንቋይ» የሚል ሰሌዳ ይዘው ሲቃወሙ፣ የተቃዋሚው ፓርቲ መሪ ከሰሌዳው ፊት ቆመው ንግግር አደረጉ። ጊላርድ በ2012 በጥቅምት ወር በምክር ቤት ተነሥተው ይህንና ሌላውንም እየዘረዘሩ ለ15 ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ንግግራቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ፤ ያስደነቀውም አዲስ ነገር በመያዙ ሳይሆን ብዙ ሴቶች ዝም ብለው የሚችሉትን በምክር ቤት ስላወጣው ነው።

ሦስተኛው ስም ማጥፋትና ዛቻ ነው። የዓለም ፓርላማዎች ኅብረት በ2016 ከ39 አገሮች የተውጣጡ 55 ሴት እንደራሴዎችን ጠይቆ ነበር። ከመቶ 81.8 የሚሆኑት በሥነ ልቡናቸው ላይ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናገሩ፤ ከመቶ 44.4 የሚሆኑት የሞት፣ የመደፈር፣ የድብደባ ወይም የመጠለፍ ዛቻ ደርሶባቸዋል። እነዚህ እንግዲህ ተመርጠው ወንበር የያዙት ናቸው፤ ሳይመረጡ በዛቻው የቀሩትን ማንም አልቈጠራቸውም። በቦሊቪያ ወይዘሮ ኹዋና ኪስፔ የተባሉ የአንድ ወረዳ የምክር ቤት አባል ሥራቸውን እንዲለቁ ብዙ ጊዜ ሲዋከቡ ቆይተው በመጋቢት 2012 ተገደሉ። ከሁለት ወር በኋላ የቦሊቪያ መንግሥት በፖለቲካ ሥራ ላይ ባሉ ሴቶች ላይ የሚደረገውን ማዋከብና ጥቃት የሚቀጣ ሕግ ቍጥር 243ን አወጣ። ሕጉ የመጣው ከሞት በኋላ ነው። በስድብ የተጀመረ ነገር የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ይህ ይበቃል።

አራተኛው መሣሪያ ድምፅ የለውም፤ ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ ብርቱ ነው። እርሱም አለመጠራት ነው። ጄኒፈር ሎለስና ሪቻርድ ፎክስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፖለቲካ ሊቃውንት በ2001 ለፖለቲካ በሚያበቁ ሙያዎች ላይ ያሉ ብዙ ወንዶችንና ሴቶችን መርምረው ነበር። ትምህርታቸውና ልምዳቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ ሴቶቹ «ለመወዳደር ብቁ አይደለሁም» የሚሉበት ጊዜ ይበዛል፤ ከፓርቲ ሰዎችም «ለምን አትወዳደሪም?» ብሎ የሚጠይቃቸው ያንሳል። ከተወዳደሩ በኋላ ግን ሴቶች የማሸነፍ ዕድላቸው ከወንዶች የሚያንስ አልሆነም። ይህ እጅግ የሚያስገርም ነገር ነው። ብዙዋ ሴት የምትሸነፈው በምርጫው ቀን አይደለም፤ ስሟ ሳይጻፍ በፊት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ለኢትዮጵያ ሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት የተሰጠው በ1955 በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተወዳድረው በሕግ መምሪያ ምክር ቤት የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ፤ በኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ። እኒህ ሴት በአውሮፓ የተማሩ፣ በጠላት ወረራ ጊዜ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከው በኢጣልያ ወደ አዚናራ ደሴት የተጋዙ፣ ከድል በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዲሬክተር የሆኑ ናቸው። አንድ ነገር ልብ እንበል። አንዲት ሴት ለአንድ ወንበር «ብቁ ናት» ለመባል አርበኛ፣ እስረኛ፣ ደራሲና ዲሬክተር ሆና መቅረብ ነበረባት። ከእርሳቸው ጋር የተመረጡት ወንዶች ሁሉ ይህን ያህል ተጠይቀዋልን?

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት የሴቶችን እኩልነት በአንቀጽ 35 ደንግጓል። በ2015 ምርጫ ከ547ቱ የሕዝብ ተወካዮች 212ቱ ሴቶች ነበሩ። በ2018 የሚኒስትሮች ምክር ቤት ግማሹ ሴቶች ሆነ፤ በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 2024 አገለገሉ። ይህ ቍጥር የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ፓርቲ ወይም መንግሥት ወስኖ ወንበር ላይ ማስቀመጥ አንድ ነገር ነው፤ ሴት በራሷ ስም ሕዝብ ፊት ቆማ፣ ተከራክራ፣ ሳትሰደብ ወደ ቤቷ የምትመለስበት ምርጫ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው በውሳኔ ይገኛል። ሁለተኛው የሚገኘው መራጩ ሲለወጥ ነው፤ መራጩም እኛ ነን።

ሕግ ብቻውን እንደማይበቃ ጎረቤታችን ኬንያ ታስተምረናለች። የ2010 ሕገ መንግሥቷ በምርጫ በሚያዙ ሸንጎዎች ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ በላይ የአንድ ጾታ ሰዎች እንዳይሆኑ ያዝዛል። ፓርላማው ግን ይህን የሚያስፈጽም ሕግ ሳያወጣ ዓመታት አለፉ፤ በመስከረም 2020 ዋናው ዳኛ ዴቪድ ማራጋ ፓርላማው እንዲበተን ለፕሬዚዳንቱ ምክር አቀረቡ፤ ፓርላማው ግን አልተበተነም። ሕግ ሲደገፍ ደግሞ ምን እንደሚሠራ ሩዋንዳ ታሳያለች፤ በ2003 ሕገ መንግሥቷ ለሴቶች ቢያንስ ከመቶ 30 እጅ መደበች፤ በ2008 በዓለም የመጀመሪያው ሴቶች የሚበዙበት ምክር ቤት የእርሷ ሆነ። በዓለም ሁሉ በ1995 ከእንደራሴዎች መካከል ሴቶች ከመቶ 11 ያህል ነበሩ፤ በ2025 መጀመሪያ 27 ያህል ደርሰዋል። 30 ዓመት ተሂዶ ሲሦ እንኳ አልሞላም።

አሁን የሚቀርቡትን ተቃውሞዎች ልመልስ።

አንዳንዶች «ወንድ ሴት ማለት ይቅር፤ ችሎታ ብቻ ይታይ» ይላሉ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። አምና ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን ስለ ችሎታ አልተናገረም። ችሎታ ይታይ የሚል ሰው፣ ችሎታን የሚሸፍነውን መጋረጃ ለማንሣት ከእኔ ቀድሞ ሊነሣ ይገባዋል።

ሌሎች «ባህላችን አይፈቅድም» ብለው «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ይጠቅሳሉ። ተረቱን በደንብ እንመልከተው። ሴት አታውቅም አይልም፤ ብታውቅም ፍጻሜው በወንድ ነው ይላል። ዕውቀቷን እያመነ ውሳኔዋን ይነሣታል። በአንድ በኩል ግን ይህ ተረት ከብዙዎቻችን ይልቅ እውነተኛ ነው፤ ክልከላው ስለ አለማወቅ እንዳልሆነ ራሱ መስክሯልና።

ሦስተኞቹ «ሴቶችም ራሳቸው ሴት አይመርጡም» ይላሉ። ይህ በብሩክሊን ሐሰት ሆኗል። ግን እውነት ነው ብንል እንኳ፣ ሴት መራጭ በዚያው ቤት ያደገች፣ ያንኑ ተረት የሰማች ናት። ያንኑ ውኃ ጠጥታ ጥሟን በሌላ ልታረካ አትችልም። ትምህርቱ ለሁላችንም ያስፈልጋል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ነገርን አንሥቶ ሳያስቀምጡ መሄድ አይገባምና፣ ለኅብረቱ ጉባኤ አራት አሳቦች አቀርባለሁ።

1ኛ፤ በዕጩዎች ማስተዋወቂያ ስብሰባ ላይ ለአንዱ ዕጩ የቀረበ ጥያቄ ለሁሉም ይቅረብ። አንድ ሰው ሴቷን ዕጩ «ፍቅረኛሽ ይፈቅድልሻል ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ከፈለገ፣ ሊቀ መንበሩ ጥያቄውን ለ22ቱም ወንዶች በተራ ያቅርበው። ያን ጊዜ የጥያቄው ከንቱነት ያለ ብዙ ክርክር ይታያል።

2ኛ፤ ስብሰባዎቻችን በቀን ይሁኑ። የሴቶች መኝታ ቤት በር ማታ በሦስት ሰዓት ይዘጋል። ወንበር የሚደላደልባቸው ስብሰባዎች ግን የሚሞቁት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው። ይህን ያደረገ ሰው በክፋት አድርጎታል አልልም፤ ሴቶቹ በር ውስጥ ሲቆለፉ ውሳኔው በውጭ ይፈጸማል እላለሁ።

3ኛ፤ ዕጩዎች ሁሉ ስም በሌለው ጽሑፍ ተቃዋሚን ላለማጥቃትና ደጋፊዎቻቸውም ሲያደርጉ ቢያዩ በአደባባይ ለመንቀፍ በፊርማቸው ቃል ይግቡ። በዕጩ ላይ ትችት ያለው ሰው ስሙን ጽፎ በዚህ በጋዜጣችን ላይ ያውጣ። ስሙን ለመጻፍ የሚያፍርበትን ነገር መጻፍም ይፈር።

4ኛ፤ እያንዳንዱ የትምህርት ክፍል ለሚመጣው ዓመት ቢያንስ ሁለት ሴት ተማሪዎችን «ለምን አትወዳደሩም?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው ገንዘብ አያስወጣም። መምህሮቻችንንም በዚህ እንዲረዱን በትሕትና እንለምናለን፤ መምህር «አንቺ ትችያለሽ» ያላት ተማሪ ቃሉን ለብዙ ዘመን ይዛው ትኖራለች።

ይህን ሁሉ የተናገርሁት ዘንድሮ ለቀረበችው እኅታችን ሴት በመሆኗ ድምፃችሁን ስጡልኝ ለማለት እንዳልሆነ ተረዱልኝ። በአሳቧ ካልተስማማችሁ አትምረጧት፤ ተከራከሯት፤ ድካሟንም ግለጡ። ይህ የዕጩ ሁሉ ዕጣ ነው፤ እርሷም የምትፈልገው ይህንኑ ይመስለኛል። የምለምናችሁ የምትመረጥበትም ሆነ የምትወድቅበት ምክንያት ለኅብረቱ ያቀረበችው ዐሥር ገጽ ዕቅድ እንዲሆን ነው። ዕቅዱ በቤተ መጻሕፍት በር ላይ ተለጥፏል። ትናንት ማታ ሳየው ከግርጌው ላይ አንድ ሰው ስለ ሰውነቷ አንድ መስመር በእርሳስ ጽፎበታል። ስለ ዕቅዱ ግን የጻፈ ሰው አልነበረም። ሦስት ሳምንት ገና አለን፤ ወረቀቱም ብዙ ባዶ ቦታ አለው።